እርጥብ እንጨት አንዳጅ

ጥቅምት 4

ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ። የሆቴሉ አስተናጋጆች ተማክረው አንገታቸውን ላለመታጠብ የማሉ ይመስለኛል… ኮሌታው ታጥቦም ቢጫ ነው። ከሰዓት በኋላ ካውያው ውሃ መትፋት ጀመረ። የላውንደሪውን ባለቤት ብጠራው አልሰማኝም። ደግሜ ስጠራው የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ነገር ከጉሮሮዬ ወጣ።

ሳቂታ ከፊት፣ ከባንኮኒው ሮጣ መጣች። «ማን ነው በሩን የከፈተው?» የተረገመች። ሳቅኩ፤ ሳቁም አልወጣ አለ። ያኔ እሷም ሳቋን ተወች። «ነገ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። ሸሚዞቹን እኔ አቆይልሻለሁ።»

ሳቂታ ያልኳት እኔ ነኝ። ደንበኛው ሱሪው ተቃጥሎበት እንኳ ስቆ፣ መርቋት ነው የሚወጣው። እኔ ከኋላ የተቀመጥኩት በምክንያት ነው፤ የእኔን ፊት ያየ ልብሱን ይዞ ይመለሳል። አንድ ላይ ስንሠራ፣ አንድ ላይ ስንዘምር ስንት ዓመት ሆነን… እህት የለኝም፤ አስፈልጋኝም አታውቅም።

ጥቅምት 6

ሐኪሙ ረጅም ብረት ጉሮሮዬ ውስጥ ከቶ አየ። የድምፅ አውታርሽ ላይ እብጠት አለ አለኝ። ክፉ አይደለም፣ ግን ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ዝምታ።

«ለስንት ቀን?»

«ተናገሪ እስክልሽ ድረስ። ሁለት ወርም ሊሆን ይችላል።»

ሹክሹክታስ አልኩት። እሱ ይብሳል አለ። ከጮህሽ ደግሞ ድምፅሽ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ። እኔ፣ ሁለት ወር ዝም? ለአፍ ዳገት የለውም ይሉ የለ… ለኔ አፍ ዳገት መጣለት። ይህ ደብተር ሥራ ሊበዛበት ነው።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

አዲስ የመጡ ባልና ሚስት ከጸሎት በኋላ የመዘምራኑን መሪ ይዘው ስለ ረጅሙ መዝሙር ሲጠይቁት ነበር። ባለፈው እሁድ ሰምተው ግራ ገብቷቸው።

«የድሮ ሰዎች ጌታን የጠሩባቸው ስሞች ናቸው» አላቸው። «መጽሐፍ ላይ አታገኟቸውም። እያንዳንዱ ስም የአንድ ቤት ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ባለ ስሙ ካለበት ይነሳና ይዘምረዋል፤ ሕዝቡ "ና" ብሎ ይመልሳል።»

ለምሳሌ ሲሉት በራሱ ጀመረ፣ እንደ ልማዱ። የሱ ቤት «ምስክር የሌለው ሰው ምስክር» ነው። የነርሷ «ባለ ጠባሳው ሐኪም»። የአሮጊቷ «የስንጥቅ እንስራ ወዳጅ»። ሹፌሩ፣ ያ ጎንበስ ብሎ በሩን የሚገባው ግዙፉ ሰውዬ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ «አንተ አዋላጅ» ሲል አዲስ ሰው ሁሉ ይስቃል። አያቱ አዋላጅ ነበረች። አንዴ የሳቀ ግን ሁለተኛ አይስቅም፤ የሹፌሩን እጅ አይቶ ነው መሰለኝ።

«ቃል የሌላቸውስ?» አለች ሚስትየው።

ዱዳዎቹን ነው። ባለቤቶቹ ሳያስተምሩ ሞተው ወይ ተሰደው ቃላቸው የጠፋ ስሞች አሉ። ተራቸው ሲደርስ አፋችንን ዘግተን ዜማውን ብቻ እናንጎራጉራለን፤ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ድንገት ቢመጣ ቦታው እንዲጠብቀው።

የኔም እዚህ ከተማ ዱዳ ነበር። ስመጣ ማንንም አላውቅም፤ ከኋላ ቆሜ ስሰማ፣ እናቴ አገር ቤት በምትዘምርበት ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ያንጎራጉራል። ቃሉ እኔ አፍ ውስጥ ነበር። ድምፄን አውጥቼ «እርጥብ እንጨት አንዳጅ» አልኩ። የመሪው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሕዝቡ «ና!» አለ። እዚህ ከተማ ሰው የሆንኩት ያን ቀን ነው።

እናቴ ሌላ የሰጠችኝ ነገር የለም። ቤት የላት፣ መሬት የላት። ይህን ሰጠችኝ።

ጥቅምት 11

ከሥራ በኋላ እኔና ሳቂታ አሮጊቷ ቤት ሄድን። ዱዳ ስሞችን ማደን የቆየ ሱሳችን ነው። አሮጊቷ አንድ ግማሽ አስታወሱ። «የዘገየ መንገደኛ…» ብለው ቆሙ። «የዘገየ መንገደኛ ምን እማማ?» ራት ይሁን፣ መብራት ይሁን፣ በር ይሁን… አልመጣላቸውም። ጣሪያውን አዩ፣ እኛን አዩ። «እናቴ ልታስተምረኝ ስትል እኔ ለጨዋታ እወጣ ነበር» አሉና ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

ሳቂታ መንገድ ላይ «የዘገየ መንገደኛ ታክሲ ይሆናል» አለችኝ። በዚያ በታመመ ጉሮሮዬ አሳቀችኝ። ብቻዬን ስሆን ግን የአሮጊቷ ፊት መጣብኝ።

ጥቅምት 12

የእናቴ ስም ዱዳ ሆኖ እንዲከርም አልፈልግም። ዱዳ የሆኑት ሁሉ እንዲህ ነው የጀመሩት… «ለዚህ ወር ብቻ» ተብሎ።

ለሳቂታ ላስተምራት ወሰንኩ። ካውያ ክፍል ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖት። ደንቡን እሷም ታውቃለች፤ ስም የሚሰጠው በማስተማር ነው። ያስተማረ ሰጠ። በጉባኤ ጮክ ተብሎ ሲዘመር ሰምቶ መያዝ አይቆጠርም፤ ከባለቤቱ አፍ፣ ለብቻ፣ ዜማው ከነመነሻው። ስለዚህ አስቀድሜ ተናገርኩ።

«አልሰጠሁሽም። አደራ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አንቺ ሞኝ።»

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ በይ።»

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» አለች፣ የአስተናጋጅ ሸሚዝ እንደ መሐላ መጽሐፍ ጨብጣ።

ስሙን ብቻ ባስተምራት አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ታሪኩንም ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም… አባቴ ጥሎን የሄደ ሰሞን፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ክፍል ውስጥ። እኔ የወራት ልጅ፣ ከንፈሬ በብርድ ጠቁሮ። ያለው እንጨት ሁሉ የራሰ። እናቴ ተንበርክካ እፍ ስትል፣ ጭሱ ዐይኗን ሲያቃጥላት፣ ስሙን እየጠራች እፍ ስትል፣ በመጨረሻ ነደደላት። «ዐይኗ የደከመው ከዚያ ወዲህ ነው» አልኳት።

ሳቂታ አለቀሰች። እሷ እናቷን አታውቅም። ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ስለ እናቷ አንድ ቃል ነግራት አታውቅም፣ ፎቶ እንኳ የለም። ሰው ሁሉ አክስቲቱን እናቷ አድርጎ ነው የሚያውቀው። እውነቱን ያወጣችልኝ ለኔ ብቻ ነው፣ ያውም ከስንት ዓመት በፊት፣ አደራ እንዳትናገሪ ብላ።

«እናት እንዲህ ናት?» አለችኝ። ምን ይባላል? እንፋሎቱን ዘጋሁና አቀፍኳት።

ጥቅምት 18

ቆረጡት። ዝምታ ተጀመረ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ጥቅምት 25

ሥራ ገባሁ። ሳቂታ የልብስ መለያ ወረቀት ላይ «ዱዳ ናት፣ ከፊት ጠይቁ» ብላ ጽፋ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። ባለቤቱ እስኪያስለው ሳቀ። ለምሳ ብርቱካን ልጣ አመጣችልኝ፣ ጉሮሮሽን ያርሰዋል ብላ። ከየፍሬው ነጭ ክሩን አንድ በአንድ ገፍፋ።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ተራው ደረሰ። ሳቂታ ተነሳች። እውነቱን ልናገር፣ ድምፅዋ ከኔ ይበልጣል። ሁሌም ይበልጥ ነበር። «እርጥብ እንጨት አንዳጅ» ስትል ሕፃናቱ እንኳ ዝም አሉ። ሕዝቡ «ና!» ሲል እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከመዝሙሩ በኋላ መሪው «ምስክርነት ያለው አለ?» አለ። እሷ ተነሳች። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ፊቴን አስተካከልኩ።

«እህቴ ይህን ስም ስትሰጠኝ» ብላ ጀመረች። ስትሰጠኝ አለች… አደራ አላለችም። «ስትሰጠኝ ነው የገባኝ፤ ለካ ስሙ ከጥንቱም የቤታችን ኖሯል። እናቴ እኔን ታቅፋ…»

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ጣሪያው። የጠቆረው ከንፈር። የራሰው እንጨት። እፍታው፣ ጭሱ። አንድም አላስቀረችም። የእናቴን ዐይን ሳይቀር ወሰደች። «ዐይኗ የደከመው ከዚያ ወዲህ ነው» አለች፣ በኔው ቃል፣ እኔ በተነፈስኩበት ቦታ ተንፍሳ።

ሹፌሩ አለቀሰ። አሮጊቷ ደረታቸውን ያዙ። እኔ አፌን ከፈትኩ… ሐኪሙ ትዝ አለኝ። ዘጋሁት። አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ እጄን ያዝ አድርጋ «ስጦታሽ ምን እንደሠራ ሰማሽ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ላድርግ? ሰው ጥያቄ ሲጠይቀኝ የምመልሰው በራሴ ብቻ ነው፤ ራስ ደግሞ «አዎ ግን ውሸት ነው» ማለት አይችልም።

ሳቂታ ስትቀመጥ ወደኔ አላየችም።

ኅዳር 8

ከፊት ሰው እስኪጠፋ ጠበቅኩ። መለያ ወረቀት ላይ «የማን እናት ናት?» ብዬ ጽፌ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት።

አነበበችው። እጥፍ አድርጋ ኪሷ ከተተችው። «አንቺ ተናግረሽው አታውቂም። ይዘሽው ልትሞቺ ነበር እኮ።»

ሌላ ወረቀት። «አደራ።»

«አደራ ስትይኝ ከእኛ ሌላ ማን ነበር?» አለች። ሳትስቅ። ከባንኮኒው ጀርባ ሳትስቅ ስታወራ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ስትዘምሪው አንድ ሰው አልቅሶ ያውቃል? አየሻቸው አይደል ትናንት? አንቺ እናት አለሽ። ስልክ አንስተሽ እማ ትያለሽ። እኔ አንዲት ነገር ብወስድ ምን ይጎድልሻል?»

ደንበኛ ገባ። ሳቋ ወዲያው ተመለሰ። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፣ ካፖርትዎ ደርሷል።»

ወደ ካውያዬ ተመለስኩ። የአንድ ምስኪን ሰውዬ ሱሪ ላይ ሁለት መስመር አወጣሁበት።

ኅዳር 9

ምን ይጎድልሻል… ይህ ነው ያልለቀቀኝ። ምን እንደሚጎድለኝ እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል? የነገርኳት እኮ ለእሷ ነው።

ኅዳር 12

መሪው ቢሮ ሄድኩ። ቢሮ ቢሉትም የተሰበሩ ወንበሮች የሚከመሩበት ክፍል ነው። ጉዳዬን ጽፌ ሰጠሁት።

«እህቴ፣ ደንቡን ታውቂያለሽ» አለኝ። «ያስተማረ ሰጠ።»

አደራ ነበር ብዬ ጻፍኩ። መነጽሩን አወለቀ። «ምስክር አለሽ?»

እሱ! በየወሩ ቆሞ «ምስክር የሌለው ሰው ምስክር» እያለ የሚዘምረው ሰውዬ። መናገር ብችል ጆሮው እስኪግል እነግረው ነበር። ስላልቻልኩ ወረቀቱን ገልብጬ የቤቱን ስም ጻፍኩለት፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር። አነበበው። ፊቱ ቀላ። ቆይቶ ግን «እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ሰዉ ወዶታል» አለ። በሚመጣው ወር መዝሙሩን ሊቀርጹት ነው፤ በስልክ ለየቤቱ ይላካል። የሳቂታ ምስክርነትም አብሮ።

ሌላም የምጽፈው ነበረኝ። «እናቷን አታውቅም።» ሁለት ቃል ነው። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት፣ ነጥብ ብቻ ወጣ። ለምን ተውኩት? አዝኜላት? አላዘንኩላትም። እርር ድብን ብዬ ነው የወጣሁት።

ኅዳር 20

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 26

አውቶቡስ ቀየርኩ። የአሁኑ ራቅ አድርጎ ነው የሚያወርደኝ፣ ግን እሷ የለችበትም።

ዛሬ ምሳ ዕቃዬ ላይ የተላጠ ብርቱካን አገኘሁ። ነጭ ክሩ ተነቅሎለት፣ እንደ ድሮው። ለባለቤቱ ሰጠሁት። እሱ ሲበላ እያየሁ ተናደድኩ፤ ብርቱካን ስለምወድ ነው የተናደድኩት ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። የተላጠው ብርቱካን ሽታ ከእጄ እስኪለቅ ሁለቴ ታጠብኩ።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ

አልሄድኩም። መጋረጃ አጠብኩ። ቀረጻው ዛሬ ነበር።

ታኅሣሥ 13

ባለቤቱ ቀረጻውን ሱቅ ውስጥ አጫወተው፣ ከፍ አድርጎ፣ ለደንበኛ። «የኛዋ ልጅ እኮ ናት!» እያለ። በአንድ ጆሮዬ የካውያው ፉጨት፣ በሌላው እናቴ በሳቂታ አፍ ተንበርክካ እፍ ትላለች።

አንዲት ሴትዮ ቀሚሷን እየተቀበለች ዐይኗን ጠረገች። «እናትሽ ግን በሕይወት አሉ?» አለቻት ሳቂታን። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። ሳቂታ «የሉም» አለች። ይህ እንኳ ውሸት መሆኑን አታውቀውም… እውነት መሆኑንም አታውቀውም። ለአንድ አፍታ አንጀቴን በላችኝ። ከዚያ ባለቤቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመውና ያዘንኩት ሁሉ ጠፋ።

ታኅሣሥ 17

የወንድሜ ሚስት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የእማ ነው። እዚህ ልጻፈው፣ ከጆሮዬ ከወጣ ምናልባት ይቀለኛል።

«ልጄ፣ ሰማሁሽ። ምራቴ በስልኳ አሰማችኝ። ጉሮሮሽ ዳነ አይደል? ተመስገን። እንዲህ አድርገሽ ዘምረሽ አታውቂም። ያን ሁሉ ደግሞ ሰው ፊት ተናገርሽልኝ… እኔ እኮ የምታፍሪበት ይመስለኝ ነበር። ተባረኪ። የእጅሽን ሥራ ይባርከው። ግን አንድ ነገር ዋሽተሻል። እንጨቱ መቼ ነደደ? አልነደደም እኮ። እሺ ይሁን፣ ለወሬው ያምራል። ተባረኪ ልጄ።»

ደጋግሜ ሰማሁት። እናቴ የሌላ ሰው ድምፅ ሰምታ እኔን መረቀች። ሳቂታ ስሙን ወሰደች፣ ታሪኩን ወሰደች፣ አሁን ምርቃቴንም በኔ ስም ተቀበለችልኝ። እማ ደግሞ ደስ ብሏታል። በምን አፍ ነው የምነጥቃት?

የምታፍሪበት ይመስለኝ ነበር አለች። አፍሬበት ነው ለማንም ያልተናገርኩት? አላውቅም።

አልነደደም ማለትስ ምን ማለት ነው?

ታኅሣሥ 22

ሐኪሙ አየና «በይ ተናገሪ» አለኝ። «ምን ልበል?» አልኩ። የማን ድምፅ ነው ይሄ? ወፍራም፣ መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ። ከፍ ያለ ዜማ ከእንግዲህ አይወጣሽም አለኝ። እርጥብ እንጨት ደግሞ መነሻው ራሱ ከፍታ ላይ ነው።

ታኅሣሥ 23

ደወልኩ።

«እማ።»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ስሜን ነገርኳት። አላመነችም። በልጅነቴ እሷ ብቻ የምትጠራኝን የቤት ስም ነገርኳት። ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«ታዲያ ያቺ ማናት?»

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «ድምፅዋ ግን ያምራል» አለች።

«እማ፣ ሰረቀችን እኮ!»

«ምን ወሰደች? ያልነደደ እንጨት ነው የወሰደችው።»

አልነደደም። እስኪነጋ እፍ ብላለች፣ አልነደደም። ሲደክማት ልብሷን አውልቃ በገላዋ ለጥፋኝ፣ ግድግዳውን ተደግፋ አደረች። እሳት ያመጣችው ጠዋት ጎረቤት ናት።

«ታዲያ ለምን ነደደ ብለሽ ነገርሽኝ?»

«እኔ? እኔ እፍ ስል አደርኩ ነው ያልኩሽ። ነደደ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ሕፃን ሆነሽ። ደስ ሲልሽ አይቼ ተውኩሽ። እኔ ያን ቀን ስሙን ጠርቼ ጠርቼ ሲደክመኝ ቀጥሎ ያለውን ያዝኩ።»

«ቀጥሎ ያለው የቱ?»

«እናንተ ዘንድ ከእንጨቱ ቀጥሎ አያንጎራጉሩም? እሱ እኮ ቃል አለው። እናቴ ያስተማረችኝ ሁለቱን ነው።»

ሸሚዞቹ ላይ ተቀመጥኩ። የተተኮሱት ላይ። ስንት ዓመት የራሴን ስም ጨርሼ፣ ተቀምጬ፣ ያንን ዱዳ ከሰው ጋር ሳንጎራጉር! በየአሮጊቱ ቤት የጠፋ ስም ሳድን!

«እማ፣ ለምን አላስተማርሽኝም?»

«እንጨቱ ያልነደደለት ሰው ነው የሚዘምረው። እንዳያስፈልግሽ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ በስልኩ ዘመረችልኝ፣ በዚያ በደከመ ድምፅዋ። ዜማው ዝቅ ያለ ነው። ደግሜ አሰማኋት። «ይሄ ድምፅሽ ይስማማዋል» አለችኝ።

ታኅሣሥ 29

ባለቤቱን ስጠራ ሳቂታ ሰማች። ካውያ ክፍል በር ላይ መጥታ ቆመች። ከተጣላን ወዲህ እዚህ ክፍል ገብታ አታውቅም።

«ድምፅሽ…»

«አዎ።»

«ተመልሶ… እንደ ድሮው ነው?»

«አይደለም።»

የመስቀያውን ጫፍ በጥፍሯ ስትፍቅ ቆየች። «ለእሁድ ልመልስልሽ? ስሙን። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው እንጂ እኔ…»

እንደማይወጣኝ ሰምታ ነው? ወይስ ከልቧ? ድሮ ቢሆን ፊቷን አይቼ አውቀው ነበር።

«ያዢው» አልኳት።

«ተቀይመሽኛል?»

«አዎ» አልኩና ሱሪውን ገለበጥኩ። ሄደች።

ጥር 3፣ እሁድ

ሄድኩ። ከኋላ፣ ድሮ በእንግድነት በቆምኩበት በኩል ተቀመጥኩ።

ነርሷ ዘመረች፣ ሹፌሩ ዘመረ። ሳቂታ ተነሳች። «እርጥብ እንጨት አንዳጅ።» አሁንም ያምራል። ሕዝቡ «ና!» አለ። እኔም አልኩ፤ የምንጠራው እሷን አይደለም።

ማንጎራጎሩ ሲጀመር ተነሳሁ። ወንበሩ ጮኸብኝ፣ ጥቂት ሰዎች ዞሩ። በዚያ በተሰነጠቀ ድምፄ ዘመርኩት።

«ባይነድም አብሮ አዳሪ።»

ማንጎራጎሩ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት እየሄደ ቆመ። የመሪው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ና» የሚል ጠፋ። አይፈረድባቸውም፤ እዚያ ቦታ ላይ መልስ ሰጥተው አያውቁም። እኔም መቀመጡ ጠፋኝ፣ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ አንድ ሰው «ና» አለ። አንድ ብቻ። ሕዝቡ እንደሚለው አይደለም፣ ቀስ ብሎ፣ እየተማጸነ። ድምፅዋን የትም አውቀዋለሁ። ወደ እሷ አልዞርኩም። ከእሷ ቀጥሎ ሹፌሩ አለ፣ አሮጊቷ አሉ፣ ከዚያ ሁሉም።

ሲያልቅ መሪው ሰው እየገፋ መጣ።

«ይህን ቃል ከየት አመጣሽው?»

«ከእናቴ።»

«የእንጨቱም ከእናትሽ፣ ይሄም ከእናትሽ… እንግዲያስ ታሪኩ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኔ ወረቀት ላይ የጻፍሽው… የእሷ እናት ነገር እንዴት ነው?»

ሳቂታ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ካፖርቷን ታቅፋ፣ ሳትለብሰው። ሰምታዋለች። ሳቅ የሚባል የለም ፊቷ ላይ። አፌን ነው የምታየው። አሁን ድምፅ አለኝ፣ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ነርሷም ሹፌሩም ቆመው ይሰማሉ።

«የእናቷን ነገር እሷን ጠይቃት» አልኩት።

በሩቁ አውቶቡስ መጣሁ። ከተርሚናሉ እስከ ቤት እግሬ እስኪዝል ተጓዝኩ። ለእማ ደውዬ «ና አሉ» አልኳት። «ማን ጀመረ?» ስትለኝ «አንዲት ሴት» አልኩ።

ይቅር አላልኳትም። ነገም ብርቱካን ብታስቀምጥ ለባለቤቱ ነው የምሰጠው። ግን እናቷን እንደማታውቅ የነገረችኝ ቀን አደራ ብላኝ ነበር። እኔ ዘንድ አለ።